አስቸኳይ! ታንጎ ፌስቲቫል ላይ ነኝ፤ አንድ ሙዚቃ ደንሶ ወንበሬ መለሰኝ

ሀና_ከሰሜን (ማታ 4፡40)
ሰላም ቤተሰብ፣ አስቸኳይ ነው። በርሊን የሦስት ቀን የታንጎ ፌስቲቫል ላይ ነኝ። አሁን የምጽፈው መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ነው። ባትሪዬ 19 ከመቶ ቀርቶታል። ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ተጎልቻለሁ፣ የጋበዘኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም አንድ ሙዚቃ ደንሰን እንዳለቀ ክንዴን ይዞ ወንበሬ ድረስ መለሰኝና ጥሎኝ ሄደ። ሌሎቹ እዚያው ቆመው የሚቀጥለውን ደነሱ። ሰው ሁሉ አየኝ። አንድ ዓመት ከምናምን ተምሬያለሁ። እግሩን አልረገጥኩትም፣ ሽቶ አላበዛሁም፣ ነጭ ሽንኩርት ያለበት ነገር ከትናንት ጀምሮ አልቀመስኩም። ምን አጥፍቼ ነው? የነገውንና የከነገ ወዲያውንም ከፍያለሁ። ልቆይ ወይስ ሻንጣዬን ልያዝ?

ሸገር_በራሪ (4፡42)
አንድ እስክስታ ጣል አድርጊላቸው፣ ወረፋ ይይዛሉ።

ዝም_አትበይ (4፡43)
ምን ያስቀምጥሻል? ተነሺና ራስሽ ጋብዢ። የፈለግሽው ሰው ጠረጴዛ ጋ ቀጥ ብለሽ ሄደሽ እጅሽን ዘርጊ። አለቀ።

ጋሽ_ባንዶኒዮን (4፡46)
ልጄ፣ ታንጎን ለመደነስ አስቀድሞ ታንጎን ማወቅ ይጠቅማል። የተወለደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ በሪዮ ዴ ላ ፕላታ ወንዝ ወዲህና ወዲያ፣ ቦነስ አይረስና ሞንቴቪዴዮ ውስጥ ነው። ከአውሮፓ የፈለሰው ድሃ፣ በባርነት ከአፍሪካ የተወሰዱት ሰዎች ልጆችና የአገሬው ሰው አንድ ሰፈር ተጨናንቀው ሲኖሩ ያወጡት ነገር ነው። የታንጎ ሙዚቃ የሚታወቅበት፣ አኮርዲዮን የሚመስለው ባንዶኒዮን ራሱ አንቺ ካለሽበት ከጀርመን የሄደ መሣሪያ ነው። ወርቃማው ዘመን የሚባለው እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1955 ገደማ ያለው ነው፤ እነ ዳሪየንሶ፣ ዲ ሳርሊ፣ ትሮይሎ፣ ፑግሊዬሴ ኦርኬስትራ የመሩበት። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ዩኔስኮ በአርጀንቲናና በኡራጓይ ስም መዘገበው። ወደ ጥያቄሽ ስመጣ...

ሀና_ከሰሜን (4፡47)
ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ባትሪው 15 ገባ።

ጋሽ_ባንዶኒዮን (4፡49)
እሺ ልጄ። ለአጠቃላይ እውቀት ብዬ ነው።

መዓዛ_ቫልስ (4፡50)
ሀናዬ፣ አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ። ሙዚቃው እንዳለቀ ምን አልሽው?

ሀና_ከሰሜን (4፡51)
ምን እላለሁ? አመሰገንኩት ነዋ። ፈገግ ብዬ "ቴንክ ዩ" አልኩት። ስድ አይደለሁም እኮ።

መዓዛ_ቫልስ (4፡55)
በቃ፣ ተገኘ። እሱ አይደለም ያባረረሽ፤ አንቺ ነሽ ያሰናበትሽው።

ሚሎንጋ፣ ማለትም የታንጎ መደነሻ ምሽት ላይ፣ ሙዚቃ የሚመጣው በታንዳ ነው። ታንጎ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ አራት፣ ቫልስ (በሦስት ምት የሚሄደው ታንጎ) ሲሆን ሦስት ተከታታይ ሙዚቃ። ከዚያ ኮርቲና ይገባል። ታንጎ ያልሆነ አጭር ሙዚቃ ነው፤ ያኔ ወለሉ ባዶ ይሆናል፣ ሰውም ወደ ቦታው ይመለሳል። አንድ ሰው ሲጋብዝሽ ለሙሉ ታንዳ ነው። አስር፣ አስራ ሁለት ደቂቃ ማለት ነው። መሀል ላይ "አመሰግናለሁ" ካልሽ "በቃኝ፣ ከአንተ ጋር አልቀጥልም" ብለሻል። በስፓኒሽ ብትዪው በእንግሊዝኛ ያው ነው። ሰውዬው ጨዋ ሆኖ ነው ወንበርሽ ድረስ የሸኘሽ። አሁን የሆነ ጥግ ተቀምጦ "ምን አጥፍቼ ነው" እያለ ይሆናል።

ምስጋናሽን ለታንዳው መጨረሻ አቆዪው። በሙዚቃና በሙዚቃ መካከል ሌላ ነገር አውሪ። የሚቀጥለው ሲጀምርም ሰው ወዲያው አይደንስም፣ ትንሽ ቆሞ ያወራል። "የት ነው የምትኖረው" ይበቃል።

ሸገር_በራሪ (4፡56)
እናቴ "ማመስገን አይጎዳም" ያለችው ታንጎ ሳትሰማ ነው።

የዲሲው_ታዛቢ (4፡57)
ይሄ ማመካኛ ነው። አንዱስ እሺ፣ አመሰገነችው። ሌላው ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሲል ለምን ዞር ብሎ አላያትም? ግልጽ እኮ ነው፤ ጥቁር ስለሆነች ነው። እኔ ብሆን ገንዘቤን መልሱ ብዬ ነበር የምወጣው።

መዓዛ_ቫልስ (5፡00)
እንደዚያ የሚያደርግ የለም አልልህም። እኔም ገጥሞኛል። ግን ከመፍረዳችን በፊት አንድ ነገር ትንገረን። ሀና፣ ስትቀመጪ ዓይንሽ የት ነው?

ሀና_ከሰሜን (5፡01)
ስልኬ ላይ። ካልሆነም የሚደንሱት ሰዎች እግር ላይ። ሰው ላይ ላፍጥ እንዴ? ክፍል ውስጥ ስንማር መምህሩ ነው የሚያቀያይረን።

አደባባዩ (5፡02)
ካነሳችሁት አይቀር እኔም ጥያቄ አለኝ። ባለፈው ወር አንዱ ሚሎንጋ ላይ ፊቴ ያለው ሰው ሲንቀራፈፍ ብቀድመው አንድ ሽማግሌ መጥቶ ተቆጣኝ። በመሀል ነው የቀደምኩት፣ ማንንም አልነካሁም። ጥፋቱ ምን ላይ ነው?

መዓዛ_ቫልስ (5፡06)
መጀመሪያ ሀና፣ አደባባዩ ይቆየኝ።

አዎ፣ አፍጪ! ማለቴ እንደ ጠብ ሳይሆን ቀና ብለሽ እዪ። ግብዣው በዓይን ነው። ሴቷም ወንዱም ከሩቅ ይተያያሉ። እሱ ራሱን ነቀነቅ ያደርጋል፣ እሺ ካልሽ አንቺም ትነቀንቂያለሽ። ካልፈለግሽ ዓይንሽን ታዞሪያለሽ። ካቤሴዮ የሚሉት ይሄ ነው። እኛ ያደግነው ትልቅ ሰው ፊት ዓይን ሰበር አድርገን ነው። እዚያ ዓይን መስበር ጨዋነት አይደለም፣ "አትምጣብኝ" ነው። ምናልባት እስካሁን አምስት ሰው አይቶሽ አምስቱንም መልሰሻል።

ሌላው ደግሞ እኛ ሦስቴ እስክንለመን እንጠብቃለን። "ብይ እንጂ"፣ "በቃኝ"፣ "በሞቴ"። እዚያ በሞቴ የሚባል ነገር የለም። አንዴ ዓይንሽን ካዞርሽ ሰውዬው ሌላ ይፈልጋል። ደግሞም ማንም ተሸማቆ አይቀርም፣ ማንም ስላላየ። የካቤሴዮ ጥቅሙ ይሄ ነው።

አሁን የምታደርጊው፦ ስልኩን ቦርሳ ውስጥ ክተቺ። ወንበርሽ ጨለማ ጥግ ከሆነ ብርሃን ወዳለበት፣ ሰው ወደሚተላለፍበት ቀይሪ። ኮርቲና ሲገባ ቀና በይ። ነቀነቀልሽ እንበል፣ ነቀነቅሽለት። ከወንበርሽ እንዳትነሺ! ፊትሽ እስኪደርስ ዓይኑን አትልቀቂው። ከኋላሽ ላለችው ሴት ሊሆን ይችላል። እኔ አንዴ ብድግ ብዬ ከኋላዬ ያለችው ጋ አልፎ ሲሄድ ጫማዬን እንደማስተካክል አጎንብሼ ነው የተረፍኩት።

ዝም_አትበይ (5፡07)
ተነሺና ጋብዢ ብያለሁ።

መዓዛ_ቫልስ (5፡09)
ወንድሜ፣ ጠረጴዛው ድረስ ሄዳ እጅ ከዘረጋች ሰውዬው ሰው ፊት እንቢ ማለት አይችልም። ተገዶ ይነሳል። መጋበዝ ከፈለገች በዓይኗ ትጋብዝ፣ ማንም አይከለክላትም።

ቢላል_ሮዛሪዮ (5፡10)
እህቴ፣ አንድ ልጨምር። ፌስቲቫል ላይ ሰው በመጀመሪያው ምሽት የማያውቀውን ቶሎ አይጋብዝም። ሲደንስ ካየ በኋላ ነው የሚመጣው። ቀን ላይ ወርክሾፕ ገብተሽ ነበር? አብሮሽ የተማረ ሰው ፈልጊና ዓይኑን ያዢ። ከእሱ ጋር አንድ ታንዳ ስትደንሺ ሌላው ያይሻል። የቅድሙን ሰውዬም አትተዪው። ወለሉ ላይ ሳይሆን ውሃ የሚቀዳበት አካባቢ ስታገኚው "ልማድ ሆኖብኝ ነው ያመሰገንኩህ፣ መጨረስ ፈልጌ ነበር" በዪው። ይስቃል።

የዲሲው_ታዛቢ (5፡11)
አሁንም አላሳመናችሁኝም። ለአንድ ዳንስ ይሄን ሁሉ ሕግ ያወጣ ሰው ሥራ ፈት ነው። የእኛ ሠርግ ላይ ማን ዓይን ሲጠብቅ አየህ? እጅ ይዞ መጎተት ነው።

ሸገር_በራሪ (5፡12)
የእኛ ሠርግ ላይ ተጎትቼ ወገቤን ያመመኝ እስካሁን አልተሻለኝም።

ቢላል_ሮዛሪዮ (5፡14)
አደባባዩ፣ ስምህ ራሱ መልሱን ይዟል። ወለሉ ላይ ሰው የሚዞረው በሰዓት ቆጣሪ ተቃራኒ ነው፣ ልክ እንደ መኪና በአደባባይ። ሮንዳ ይባላል። ከዳር አንድ መስመር አለ፣ ቦታው ሰፊ ከሆነ ከውስጥ ሌላ። በመስመርህ ትሄዳለህ፣ አትቀድምም፣ ከመስመር መስመር አትዘልም። አንተ ያደረግከው ሚኒባስ በቀኝ ሲያልፍ ማለት ነው። አልነካሁም ትላለህ፤ ሚኒባሱም እንደዚያ ነው የሚለው። ፊትህ ያለው ሰው ቀጥሎ ወደዬት እንደሚዞር አታውቅም፣ ከጎኑ ብቅ ስትል የያዛት ሴት ተረከዝ ይቀበልሃል።

አገባቡም እንደ አደባባይ ነው። ቅድሚያ ውስጥ ላለው ነው። ሙዚቃ ከተጀመረ በኋላ የምትገባ ከሆነ እየመጣ ያለውን ጥንድ የሚመራውን ሰው ዓይኑን ታየዋለህ። ቦታ ከሰጠህ ትገባለህ። ከተጋጨህ ደግሞ ጥፋቱ የማንም ይሁን ጭንቅላትህን ነቀነቅ አድርገህ ይቅርታ ትጠይቃለህ። ወደ ኋላም አትርገጥ፣ እዚያ ሰው አለ።

አደባባዩ (5፡16)
እሺ ገባኝ። ግን ፊቴ ያለው ሰው ጭራሽ ቆሞ ሲቀርስ? ግማሽ ሙዚቃ አንድ ቦታ ላይ እግሩን የሚያስጌጥ አለ።

ሀና_ከሰሜን (5፡17)
ሰባት ከመቶ። ወርክሾፕ ላይ አብሮኝ የነበረ ረጅም ልጅ አለ፣ እዚያ ማዶ ቆሟል። ኮርቲና ገባ። ስልኩን ቦርሳ ውስጥ ልከተው። ከሁላችሁም...

ሸገር_በራሪ (5፡18)
"አመሰግናለሁ" እንዳትዪ ብቻ!

ጋሽ_ባንዶኒዮን (5፡40)
ልጄ፣ አንድ የረሳሁት። የመጨረሻው ሙዚቃ ብዙውን ጊዜ ላ ኩምፓርሲታ ነው፤ የሞንቴቪዴዮ ልጅ የደረሰው ነው። እሱን ስትሰሚ ምሽቱ አለቀ ማለት ነው፣ ኮትሽን ፈልጊ።

መዓዛ_ቫልስ (በማግስቱ፣ ጠዋት 4፡05)
ሀናዬ፣ ምን ደረሰሽ? ሌሊቱን ሙሉ ሳስብሽ አደርኩ።

ዝም_አትበይ (ጠዋት 4፡30)
ተነስታ ጋብዛ ይሆናል።

የዲሲው_ታዛቢ (በሦስተኛው ቀን)
ገንዘቧን መለሱላት ወይ?

አደባባዩ (በአምስተኛው ቀን)
ሀናስ ደህና ናት፣ እየደነሰች ነው ብዬ ልያዝ። የኔን ግን ማንም አልመለሰልኝም። ፊቴ ያለው ሰው ቆሞ ሲቀር ምን ላድርግ? ነገ ማታ ሚሎንጋ አለብኝ።

ጋሽ_ባንዶኒዮን (በአምስተኛው ቀን)
ልጄ፣ ይሄን ለመመለስ ከ1935 በፊት ወደነበረው አደናነስ ትንሽ መለስ ማለት ያስፈልጋል...