ለልጆቻችን የክረምት የቤት ውስጥ ስፖርት፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
የተከበራችሁ ነዋሪዎች፣ ባለፈው እሑድ በተነጋገርነው መሠረት፣ ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ ጳጉሜን ልጆቻችን በኮሚናሉ አዳራሽ የሚጫወቱበትን የስፖርት መሣሪያ በሚመለከት ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበውን ሐሳብ እዚህ በጋራ እንጽፋለን። እስካሁን የቀረበው ሐሳብ፣ ቅርጫት ኳስ፣ የጠረጴዛ ቴኒስና ትንንሽ የእግር ኳስ ጎሎችን አንድ ላይ የያዘ ስብስብ ከሱቅ ይገዛ የሚል ነው። እስከ ዓርብ ማታ አስተያየታችሁን ስጡን።

የስፖርት መምህር፣ ብሎክ 14፦
ጸሐፊያችንን አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ቁልፉን ከጥበቃው ተቀብዬ አዳራሹን በሜትር ለካሁት። ርዝመቱ 12 ሜትር፣ ወርዱ 7 ሜትር ነው፤ ጣሪያው ግን ከ3 ሜትር አይበልጥም። በሕፃናት ሚኒ ባስኬት የቅርጫቱ ከፍታ 2 ሜትር ከ60 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በዚያ ልክ ብንሰቅለው ኳሷ ገና ስትወረወር ጣሪያውን ወይም አምፖሉን ትመታለችና ከ2 ሜትር በላይ እንዳይሆን እላለሁ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን በአንድ ጊዜ ስንት ልጅ ይንቀሳቀሳል የሚለው ነው። የጠረጴዛ ቴኒስ ጠረጴዛ 2.74 ሜትር በ1.525 ሜትር ነው፤ መንቀሳቀሻ ቦታ ሲጨመርበት የአዳራሹን ሲሶ ይወስዳል፣ የሚጫወቱት ግን ሁለት፣ ቢበዛ አራት ልጆች ናቸው። ሃያ ልጆች ከመጡ የቀሩት ግድግዳ ተደግፈው ተራ ይጠብቃሉ፤ ተራ መጠበቅ የሰለቸው ልጅ ደግሞ መጀመሪያ ጓደኛውን ይገፋል፣ ቀጥሎ ወደ ስልኩ ይመለሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ሞቅ ያለ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል፤ ቆሞ በመጠበቅ ያለፈ ሰዓት ደግሞ በዚህ ውስጥ አይገባም።

ስለዚህ የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር ለሕፃናት ያስተዋወቀውን የቡድን አትሌቲክስ አሠራር እንድንከተል አሳስባለሁ። በዚህ አሠራር ወንዶችና ሴቶች ተቀላቅለው በቡድን ይከፈላሉ፤ አንዱ ቡድን ሲዘል ሌላው ይወረውራል፣ ሦስተኛው ይሮጣል፣ ከዚያም ቦታ ይለዋወጣሉ። ወለሉ ላይ በመስቀል ቅርጽ በተሠመሩ ሳጥኖች ውስጥ ወዲያና ወዲህ የሚዘለልበት አንድ ጨዋታ አለው፤ ሰኞ ማክሰኞን ለሚያውቅ የእኛ ልጅ ማስረዳት እንኳ አያስፈልግም። ለመስመሩ ጠመኔ፣ ለዝላዩ ሱዚ የሚጫወቱበት ላስቲክ፣ ለውርወራውና ለእግር ኳሱ ደግሞ ከአሮጌ ካልሲ የተጠቀለለ ኳስ ይበቃል። የካልሲ ኳስ አይነጥርም፣ መስታወት አይሰብርም፣ ታች ያሉትንም ጎረቤቶች አይረብሽም። ለትንንሾቹ መረብ ኳሱን በፊኛ እናደርገዋለን፤ ፊኛ ቀስ ብሎ ስለሚወርድ የአምስት ዓመት ልጅም ይደርስበታል።

ነዋሪ፣ ብሎክ 9፦
መምህር፣ ለክተው ስላመጡልን እግዚአብሔር ይስጥልን። ይሁን እንጂ የጠረጴዛ ቴኒሱ ጨርሶ እንዳይሰረዝ እለምናለሁ። ታላቋ ልጄ 12 ዓመቷ ነው፤ ከሕፃናቱ ጋር ዝለይ ብትባል አትመጣም፣ ለራኬት ግን ትመጣለች። የዕድሩን ሁለት ጠረጴዛዎች ገጥመን፣ ጠርዙ ላይ የሚታሰር መረብና አራት ራኬት ብቻ ብንገዛስ? ቅርጫቱንም ቢሆን ልንገዛው አይገባም። ቅርጫት ኳስ ራሱ በ1891 እ.ኤ.አ. የተጀመረው፣ ጄምስ ናይስሚዝ የተባለ፣ በአሜሪካ የሚያስተምር ካናዳዊ የስፖርት መምህር በብርዱ ወራት ተማሪዎቹን ቤት ውስጥ የሚያጫውትበት ሲቸግረው የኮክ መያዣ ቅርጫት አዳራሹ ውስጥ ስለሰቀለ ነው። እኛም ከመርካቶ ሁለት የቀርከሃ ቅርጫት አምጥተን ታቹን ብንቆርጠው ያገለግላል።

የስፖርት መምህር፣ ብሎክ 14፦
በዚህ እስማማለሁ። ጠረጴዛው በሩ አጠገብ ካለው ጥግ ይሁንና ከ11 ዓመት በላይ ላሉት አንድ ጣቢያ፣ ማለትም ቡድኖቹ ከሚለዋወጡባቸው መጫወቻ ቦታዎች አንዱ፣ ሆኖ ያገልግል።

ነዋሪ፣ ብሎክ 11፦
እኔ የማነሣው ሁለት ነገር ነው። ባለፈው ክረምት ልጄ በዝናብ በራሰ ጫማ ወደዚያ ወለል ሲሮጥ ገብቶ ተንሸራተተና አገጩ ተሰፋለት። የሲሚንቶ ወለል ትንሽ ውኃ ከነካው እንደ ሳሙና ነው፤ ስለዚህ በር ላይ ጆንያ ይነጠፍ፣ ሁሉም ልጅ ደረቅ ሸራ ጫማ በፌስታል ይዞ ይምጣ፣ ያልያዘ አይግባ። ሁለተኛው የፍልሰታ ጾም ነው። ከነሐሴ 1 ጀምሮ ብዙዎቹ ልጆቻችን ይጾማሉ፣ እኩለ ቀን ላይም ቅዳሴ ይሄዳሉ። ጠዋት እናሩጣቸው ብንል በባዶ ሆዳቸው ይደክማሉ። ሰዓቱ ከቀኑ 10 እስከ 11 ሰዓት ተኩል ቢሆን፣ ቆርበው ወይም አስቀድሰው፣ በልተው፣ ዐርፈው ይደርሳሉ፤ ዝናቡም ቤት የሚዘጋባቸው በዚያው ሰዓት ነው።

የዕድሩ ተወካይ፦
ልጆቼ፣ ጠረጴዛውንም አግዳሚውንም ተጠቀሙበት፣ ዕድሩ አይከለክልም። ነገር ግን ለቅሶ የደረሰ ዕለት አዳራሹ የሐዘንተኛ ነው፤ ጨዋታው ሦስት ቀን ይቋረጥ፣ ዕቃውም በአንድ ሳጥን የሚነሣ ይሁን።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
አባታችን ያሉት እንዳለ ገብቷል። ለጉባኤው የሚቀርበው ጽሑፍ እንደሚከተለው ተስተካክሏል፦

«ማኅበሩ የታሸገ ስብስብ ከመግዛት ይልቅ፣ አራት ራኬት ከነመረቡና ኳሱ፣ ሁለት የቀርከሃ ቅርጫት፣ ላስቲክ፣ ጠመኔ፣ ፊኛ፣ የአምፖል መከለያ ሽቦና ክዳን ያለው አንድ የዕቃ ሳጥን እንዲገዛ፤ የካልሲ ኳሱን ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር እንዲሠሩ፤ ጨዋታው ከሰኞ እስከ ዓርብ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል፣ ሁልጊዜ ሁለት ወላጆች ባሉበት እንዲካሄድ፤ ማንኛውም ጣቢያ ከአምስት በላይ ልጆችን በአንድ ጊዜ እንዳይይዝ፤ ለቅሶ ሲደርስ ለሦስት ቀን እንዲቋረጥ እንጠይቃለን።»

የተረኛ ወላጆችን ዝርዝር ቅዳሜ እለጥፋለሁ። የመጀመሪያውን ሳምንት መምህርና እኔ እንይዘዋለን፤ ቁልፉም ከጥበቃው ዘንድ ይቆያል።