ፕሬፕ፣ አስተርጓሚ እና የቤት ኪራይ ውል፦ እርዱኝ

የማለዳ ጤዛ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምጠይቀው ስለ አንዲት ትራንስጀንደር ሴት (ስትወለድ ወንድ ተብላ የተመዘገበች) ነው፤ የጥገኝነት ማመልከቻዋ ገና መልስ አላገኘም። የኪራይ ውሉ በፍቅረኛዋ ስም ነው። ኮንዶም ስትለው «አታምኚኝም ማለት ነው» ይላታል። ኢስትሮጅን የሚባለውን የሴት ሆርሞን ትወስዳለች። ፕሬፕ (ኤች አይ ቪ እንዳይይዝ አስቀድሞ የሚወሰደው መድኃኒት) ከሆርሞኑ ጋር ይጋጫል? ወረቀቷንስ ይነካባታል? አስተርጓሚው የምታውቀው ሰው እንዳይሆንም ፈርታለች።

ነርሷ፦ ፕሬፕ ሆርሞኑን አያዳክምም። ብዙዎች በዚህ ፍርሃት ክኒኑን ስለሚተዉ አስረግጬ እናገራለሁ። እንዲያውም ኢስትሮጅን ነው በፕሬፕ ክኒኑ ውስጥ ያለውን የቴኖፎቪር መድኃኒት መጠን በጥቂቱ ሊቀንስ የሚችለው፤ በየቀኑ ከተዋጠ ግን መከላከሉ አይጓደልም። ስለዚህ ከግንኙነት በፊት 2 ክኒን፣ በኋላ 1 እና 1 የሚባለው አወሳሰድ ለእሷ አይመከርም። በቀን 1 ትውሰድ፣ 7 ቀን ሳይሞላ አትተማመንበት። አስቀድማ ኤች አይ ቪ፣ ኩላሊትና ሄፓታይተስ ቢ ትመርመር፤ ሄፓታይተስ ቢ ካለባት ክኒኑን በድንገት ማቆም ጉበቷን ሊጎዳ ይችላል። ከዚያ በየ3 ወሩ ምርመራ። ክኒኑን ቤት ማስቀመጥ ካልቻለች በየ2 ወሩ የሚወጋ ካቦቴግራቪር አለ። ያለ ኮንዶም ግንኙነት አድርጋ ከሆነና 72 ሰዓት ካላለፈ ግን ፕሬፕ ሳይሆን ፔፕ (ከተጋለጡ በኋላ የሚወሰደው መከላከያ) ነው የሚያስፈልጋት፣ ለ28 ቀን። ዛሬውኑ ትሂድ።

ድልድይ፦ ስለ ወረቀቱ የማውቀው የአሜሪካን ነው። ኤች አይ ቪ ራሱ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2010 ጀምሮ መግቢያ አይከለክልም፤ ፕሬፕ ደግሞ መከላከያ ነው። ሌላ አገር ከሆነች ጠበቃዋን ትጠይቅ። ቀጠሮ ስትይዝ «በስልክ፣ ከሌላ ከተማ የሆነ አስተርጓሚ» ትበል፤ ስሟ ሳይጠራ እንዲተረጎምም ትጠይቅ። ዘመድ ይዛ አትሂድ፤ ዘመድ የሙያ ምስጢር አይገድበውም።

የሦስት ልጆች አባት፦ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ይህ ቡድን ለሥራና ለቤት ነው የተከፈተው። ቤተሰብ ያነበዋል።

ነርሷ፦ ወንድሜ፣ ዝም ማለታችን ነው በሽታውን የሚያሰፋው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የ15 አገሮች ጥናት በትራንስ ሴቶች መካከል ከ100 ወደ 19ኙ ቫይረሱ እንዳለባቸው አሳይቷል። ከቤት የተባረረች፣ ሥራ የተከለከለች ሴት የሚያስጠጋትን ሰው ኮንዶም አድርግ ብላ ማስገደድ አትችልም።

የሦስት ልጆች አባት፦ ሕመምተኛ ይገለል አላልኩም። ግን ቫይረሱ ያለበት ሰው ለፍቅረኛው መናገር የለበትም?

ድልድይ፦ ሕጉ እንደየአገሩ ይለያያል። መድኃኒቱን በአግባቡ ወስዶ የቫይረሱ መጠን በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ከ200 በታች የቆየለት ሰው ግን በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም።

የሦስት ልጆች አባት፦ ይህን እንዴት አምናለሁ?

የማለዳ ጤዛ፦ እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። የኪራይ ውሉን ነገርስ? ስሟ ሳይኖርበት ቢያስወጣት መብት አላት?

ነርሷ፦ የልጆቹ አባት፣ ለማመን ያስቸግራል፣ ይገባኛል። ግን በብዙ ሺህ ጊዜ ያለ ኮንዶም ግንኙነት ተፈትኖ አንድም እንዲህ የተላለፈ አልተገኘም።