አምስት መምህራን፣ አንድ ሜዳ፦ ለጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት የጋራ ራዕይ እንዴት እንቅረጽ?

ጥያቄ፦ የትምህርት ክፍል ተጠሪ፣ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት

የተከበራችሁ የሙያ አጋሮቼ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል በሚያስተምር የመንግሥት ትምህርት ቤት የጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ክፍል ተጠሪ ነኝ። አምስት መምህራን ነን። ሁላችንም ሥራችንን የምንወድ ብንሆንም፣ ተማሪው ከአንዳችን ወደ ሌላችን ሲሸጋገር የትምህርቱ ዓይነት ጭራሽ የተቀየረ ይመስለዋል። አንደኛው ባልደረባችን የጤናውን ክፍል በሚገባ ያብራራል፤ ተማሪዎቹን ወደ ሜዳ የሚያወጣው ግን ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ሌላው ሙሉ ልቡ ከትምህርት ቤቱ የእግር ኳስ ቡድን ጋር ነው። ጂምናስቲክን አጥብቃ የምታስተምር ባልደረባም አለችን። ኳስ ሰጥቶ ተማሪው እንደፈቀደው እንዲጫወት የሚተውም አለ። በዚህ የተነሳ በአንዱ መምህር ዘንድ ከመቶ 95 ያገኘ ተማሪ በሚቀጥለው ዓመት በሌላው ዘንድ 60 ያገኛል፤ ወላጅ መጥቶ ምክንያቱን ሲጠይቅም አምስታችን አምስት ዓይነት መልስ እንሰጣለን።

ባለፈው ዓመት የጋራ ራዕይ እንድናዘጋጅ ታዘን ነበር። ተሰብስበን «በአካልና በአእምሮ የዳበረ ብቁ ዜጋ ማፍራት» የሚል ዓረፍተ ነገር ጽፈን፣ ሁላችንም ፈርመንበት በቢሮው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ከዚያ በኋላ ግን አንድም ክፍለ ጊዜ ሲለወጥ አላየሁም። የየዕለቱን ትምህርት በእርግጥ የሚመራ ራዕይ ለመቅረጽ ከምን እንጀምር? በውይይቱ ከእኛ ሌላ ማን ይሳተፍ? «ለዓመታት ያስተማርኩበትን መንገድ አልለውጥም» ከሚል ባልደረባ ጋርስ እንዴት አብሮ መሥራት ይቻላል? በአንድ ክፍል ከ60 በላይ ተማሪዎች እንዳሉን፣ ኳሶቻችንም ጥቂት መሆናቸውን ከግምት አስገብታችሁ ብትመልሱልኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ መምህርት፣ ሐዋሳ

ጤና ይስጥልኝ። የእኛም ትምህርት ክፍል ከሞላ ጎደል በዚሁ መንገድ ስላለፈ ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ።

በእኔ እምነት ችግሩ ከዓረፍተ ነገሩ አጻጻፍ የመጣ አይደለም። «ብቁ ዜጋ» በሚለው ሐሳብ የማይስማማ መምህር የለም፤ ሁሉም ያለ ክርክር የሚስማማበት ነገር ደግሞ ማንንም ከለመደው አያነቃንቅም። ስለዚህ መግለጫውን ለጊዜው ትታችሁ በዚህ ጥያቄ ላይ ተነጋገሩ፦ ተማሪው 12ኛ ክፍልን ጨርሶ ከእጃችን ሲወጣ፣ መምህር ሳይቆጣጠረውና ፊሽካ ሳይነፋበት፣ በራሱ ምን ማድረግ እንዲችል እንፈልጋለን?

ይህን ጥያቄ የመረጥኩት በቀላል ስሌት ምክንያት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 ዓመት የሆኑ ልጆችና ወጣቶች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ፣ ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ ጥንካሬ ያለው የአካል እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ይህ በሳምንት 420 ደቂቃ ይሆናል። በእኛ ትምህርት ቤት ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ሆኖ በሳምንት ሁለት ጊዜ ስለሚሰጥ፣ ልብስ መቀየሪያውና ወደ ሜዳ መውጫው ሳይቀነስ እንኳ ያለን 80 ደቂቃ ብቻ ነው። ምንም ያህል ብንደክም ቀሪውን 340 ደቂቃ እኛ ልንሞላው አንችልም፤ ሊሞላው የሚችለው ተማሪው ራሱ ነው። ይህ ቁጥር በስብሰባችን ላይ በሰሌዳ ከተጻፈ በኋላ እግር ኳስ ይሻላል ወይስ ጂምናስቲክ የሚለው የቆየ ሙግት ኃይሉን አጣ። የተማሪው ቀሪ ሳምንት የሁላችንም ጉዳይ ሆነና፣ እያንዳንዱ መምህር የሚወደው ስፖርት ለዚያ ምን ያህል እንደሚጠቅም መመርመር ጀመርን።

ስለ ውይይቱ አካሄድ አንድ ነገር አጥብቄ እመክራለሁ። ማንም ከመናገሩ በፊት እያንዳንዱ መምህር መልሱን በወረቀት ላይ ዝም ብሎ ይጻፍ፤ ወረቀቶቹም ስም ሳይጠቀስ ይነበቡ። በስብሰባዎቻችን አንጋፋው ቀድሞ ከተናገረ ታናናሾቹ ከአክብሮት የተነሳ «እኔም እንደ እርሳቸው» ብለው ያልፋሉ፤ ያኔ የተገኘው የአንድ ሰው ሐሳብ እንጂ የጋራ ሐሳብ አይደለም። በእኛ ወረቀቶች ላይ ደጋግመው የወጡት ሐሳቦች አራት ነበሩ። ተማሪው የልብ ምቱን ለክቶ የራሱን የእንቅስቃሴ ዕቅድ ማውጣት ይችላል። ቢያንስ ሁለት ስፖርቶችን ከሌሎች ጋር ለመጫወት በሚያበቃው ደረጃ ያውቃል፤ ከእነዚህም አንዱ ገንዘብና ዕቃ የማይጠይቅ ነው። ሲሸነፍም ሲያሸንፍም ጓደኛውን ያከብራል። ጉዳት የደረሰበትን ሰው እንዴት እንደሚረዳም ያውቃል። የአካዳሚክ ቋንቋ አልጨመርንበትም፤ የ9ኛ ክፍል ተማሪ አንብቦ ሊረዳው ይገባ ነበርና።

ሁለተኛው ሥራ ከመጀመሪያው የከበደና የበለጠ ጠቃሚ ነው፤ ለራዕዩ ሲባል የምናቆመውን መጻፍ። እኛ ሩጫንና ፑሽ አፕን ለቅጣት መጠቀምን አቆምን፤ ለቅጣት የሮጠ ልጅ ትምህርት ቤት ሲዘጋ በፈቃዱ ይሮጣል ብሎ መጠበቅ አይቻልምና። የተማሪውን ውጤት ከክፍሉ ፈጣን ልጅ ጋር በማነጻጸር መስጠትንም አቆምን። የ12 ደቂቃ ሩጫ በመስከረም እናስሮጣለን፤ በግንቦት እንደግማለን፤ ነጥቡ የሚሰጠው ተማሪው ከራሱ ከቀድሞው ርቀት አንጻር ባሳየው ለውጥና በያዘው የልምምድ ማስታወሻ ነው። እርስዎ የጠቀሱት የ95 እና የ60 ልዩነት መፍትሔ የሚያገኘው በዚህ ቦታ ይመስለኛል፤ አምስት መምህራን አንድ ዓይነት የምዘና ሠንጠረዥ ሳይይዙ አንድ ራዕይ አላቸው ማለት አይቻልም።

መልስ፦ ምክትል ርዕሰ መምህር፣ ደብረ ብርሃን

ከመምህርት ሐሳብ ጋር እስማማለሁ፤ ከአስተዳደር በኩል ጥቂት ልጨምር። መርሐ ትምህርቱና የመምህሩ መምሪያ የሚሰጠውን ይዘት ወስነዋል፤ ስለዚህ የጋራ ራዕያችሁ ይዘቱን የሚተካ ሳይሆን ይዘቱ ለምን ዓላማ እንደሚሰጥ የሚያሳይ መሆን አለበት። በተጨማሪም በዓመታዊ ዕቅዱ ላይ ያልሰፈረ ራዕይ በጀት አያገኝም። እያንዳንዱ መምህር ለተከታታይ ሙያዊ ማጎልበቻ በዓመት 60 ሰዓት እንዲያውል ይጠበቃል፤ ይህንኑ ጉዳይ የትምህርት ክፍላችሁ የዓመቱ የቡድን ርዕስ ብታደርጉት ለውይይቱ ሌላ ጊዜ መፈለግ አይኖርባችሁም። ትምህርታችሁ በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውስጥ ባለመካተቱ ብዙ ርዕሰ መምህራን በሁለተኛ ደረጃ ያዩታል፤ ነገር ግን በግልጽ የተጻፈና የሚለካ ዕቅድ ይዞ የሚመጣ የትምህርት ክፍልን ውድቅ ማድረግ ለማንም ከባድ ነው።

መልስ፦ መምህርና አሰልጣኝ፣ አርሲ

ውይይቱን በአክብሮት ተከታትያለሁ፤ ሆኖም ለቡድንና ለተሰጥኦ የሚተጋው መምህር እንደ እንቅፋት እንዳይታይ እሰጋለሁ። በቆጂ ላይ ደራርቱ ቱሉንና ቀነኒሳ በቀለን በልጅነታቸው ያሠለጠኑት ስንታየሁ እሸቱ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበሩ። ደራርቱ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታጠልቅ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሊምፒክ ወርቅ ባለቤት ሆናለች። የአንድ ትምህርት ቤት ሜዳ እስከዚህ ሊያደርስ ይችላልና ራዕያችሁ ተሰጥኦ ላለው ልጅ በር መዝጋት የለበትም።

የእኔ መፍትሔ ሁለቱን በሰዓት መለየት ነው። ክፍለ ጊዜው የ60ውም ተማሪዎች ነው፤ በዚያ ሰዓት ለውድድር የተመረጡትን 18 ልጆች ለይቶ ማሠልጠንና ሌሎቹን ተመልካች ማድረግ ከቀሩት ላይ መብታቸውን መውሰድ ነው። የዩኔስኮ የአካል ማጎልመሻና የስፖርት ቻርተርም፣ በ1978 እ.ኤ.አ. ሲጸድቅም ሆነ በ2015 እ.ኤ.አ. ሲሻሻል፣ ትምህርቱን የእያንዳንዱ ሰው መብት አድርጎ አስቀምጦታል። የቡድኑ ልምምድ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ይሁን፤ ለመምህሩም ይህ ተጨማሪ ሥራ በጽሑፍ ይታወቅለት፣ የክፍለ ጊዜ ጫናውም በዚያው ልክ ይቃለልለት። ጓደኛችሁ ከቡድኑ የማይላቀቀው ድካሙን የሚቆጥርለት ሌላ ቦታ ስላጣ ሊሆን ይችላል።

ስለ ዕቃ እጥረት፦ ሜዳውን በስድስት ጣቢያ ከፍላችሁ ተማሪዎቹን በአሥር በአሥር ብታዟዙሯቸው ኳስ የሚያስፈልገው በሁለቱ ጣቢያ ብቻ ነው። በቀሩት ላይ ገመድ ዝላይ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ የዱላ ቅብብል፣ የሰውነት ክብደትን በመጠቀም የሚሠራ የጡንቻ ልምምድ ይቻላል። የገና ጨዋታን በወቅቱ ማስተማርም መልካም ነው፤ ተማሪዎቹ ዱላውንና ጥንጉን ራሳቸው ይዘው ይመጣሉ።

ጠያቂው፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የምናቆመውን የመጻፉ ሐሳብ በተለይ ጠቅሞኛል። አንድ ጉዳይ ግን ልጨምር። ከ10ኛ ክፍል ጀምሮ ብዙ ሴት ተማሪዎች ወደ ሜዳ ከመውጣት ይልቅ የፈቃድ ወረቀት ማምጣትን ይመርጣሉ፤ በጾም ወራትም በርካታ ተማሪዎች ዳር ይቀመጣሉ። ሁላችንም ይህን የምንፈታው በየግላችን ነው፤ አንዱ ነጥብ ይቀንሳል፣ ሌላው ዝም ብሎ ያልፋል። ይህስ በራዕዩ ውስጥ መግባት አለበት?

መልስ፦ መምህርት፣ ደሴ

መግባት ብቻ ሳይሆን ከፊት መቀመጥ አለበት እላለሁ፤ «ሁሉም ተማሪ» የሚለው ቃል እውነት መሆኑ የሚታወቀው በእነዚህ ተማሪዎች ነውና።

መጀመሪያ ሴት ልጆቹን ጠይቋቸው። ስም በሌለበት ወረቀት ላይ «ወደ ሜዳ እንዳልወጣ የሚያደርገኝ ምንድን ነው?» የሚል አንድ ጥያቄ ብቻ ይቅረብላቸው፤ ወረቀቱንም ሴት መምህርት ትሰብስበው። እኛ ጋ ምክንያቱ ስንፍና ወይም ለስፖርት ፍላጎት ማጣት ነው ተብሎ ሲታሰብ ኖሯል። ልጆቹ የጻፉት ግን ልብስ የሚቀይሩበት በር ያለው ክፍል አለመኖሩን፣ በወር አበባ ጊዜ የሚታጠቡበት ውኃ ማጣታቸውን፣ ወንዶቹ ሲሮጡ እያዩ የሚናገሯቸውን፣ ለአንዳንዶቹም የስፖርት ልብሱ ከሃይማኖታቸው ጋር አለመስማማቱን ነበር። ረጅም ሱሪና ሰፊ ሸሚዝ እንዲሁም ሂጃብ ለብሶ መሥራት እንዲፈቀድ የትምህርት ክፍሉ በአንድ ድምፅ ወሰነ፤ የመቀየሪያ ክፍሉን ጉዳይ ደግሞ ወደ ወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ወሰድነው። በውይይቱ ማን ይሳተፍ ላሉት ጥያቄም መልሴ ይኸው ነው፤ ተማሪዎቹና ኅብረቱ ከመጀመሪያው ይግቡ።

ስለ ጾም ከተማችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ የሚኖርባት ስለሆነች ጉዳዩ በየዓመቱ ይገጥመናል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም እያለ ስለሚመጣ አንድ ጊዜ የተሠራ ዕቅድ ለዘለቄታው አያገለግልም። ምግብም ውኃም ያልቀመሰ ልጅ በቀትር ፀሐይ ረጅም ርቀት መሮጥ የለበትም፤ ዳር ተቀምጦ ክፍለ ጊዜውን ማባከንም አይገባውም። ስለዚህ ዓመታዊ ዕቅዱን ስናወጣ ሁለቱንም ጾሞች በቀን መቁጠሪያው ላይ አስቀድመን ምልክት እናደርጋለን። የመጀመሪያ ርዳታን፣ የመተጣጠፍ ልምምድን፣ የዳኝነት ሕጎችን፣ የሥርዓተ ምግብ ትምህርትን በእነዚያ ሳምንታት እናደርጋለን፤ የጽናት ሩጫና የውድድር ምዕራፎች ከዚያ በፊት ወይም በኋላ ይሆናሉ። አካል ጉዳት ላለባቸው ተማሪዎችም እንዲሁ፤ የሚችሉትን እንቅስቃሴ ከራሳቸው ጋር ተነጋግረን በዕቅዱ ላይ እንጽፋለን እንጂ ነጥብ መዝጋቢ አድርገን አናስቀምጣቸውም።

መልስ፦ በጡረታ ላይ ያሉ ሱፐርቫይዘር፣ ጎንደር

አልለውጥም ስላሉት ባልደረባ ማንም ስላላነሳው እኔ ላንሳው። እባክዎ በስብሰባ ፊት አይጋፈጧቸው፤ ለአስተዳደርም ቀድመው አይክሰሷቸው። ለዓመታት ያስተማረ ሰው ራዕይ በሚል ስም የቀድሞ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው የተባለ ከመሰለው አቋሙን ያጠነክራል። ባልደረባዎ በሚችሉት ሥራ በኩል ይግቡ። በክፍል ውስጥ ብቻ የሚያስተምረው ባልደረባዎ ጤናውን በሚገባ ያብራራል ብለዋል፤ እንግዲያው የጤናውን ክፍል ለአምስታችሁም የሚያዘጋጅ እርሱ ይሁን። ለምሳሌ የልብ ምትን በ15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛትን፣ ከ220 ላይ ዕድሜን ቀንሶ ከፍተኛውን የልብ ምት መገመትን በሰሌዳ ያስተምር፤ በዚያው ክፍለ ጊዜ ማብቂያ ላይ ተማሪዎቹ ሦስት ደቂቃ ሮጠው ይለኩት። እንዲህ ሲሆን ትምህርቱ ራሱ ወደ ሜዳ ያወጣዋል።

ከዚያም ሁለት ሁለት ሆናችሁ የእርስ በርስ የክፍል ጉብኝት አድርጉ። መጀመሪያ የሚጎበኘው ተጠሪው ይሁን። ጎብኚው ነጥብ አይሰጥም፤ የሚመዘግበው ከ40ው ደቂቃ ስንቱን ተማሪዎቹ በእንቅስቃሴ እንዳሳለፉና ስንት ተማሪ ዳር እንደቆመ ብቻ ነው። በሥራ ዘመኔ ከረጅም ግምገማ ይልቅ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች መምህራንን ሲያነጋግሩ አይቻለሁ፤ ሰውን አይወቅሱምና።

ጠያቂው፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መምህራኑ ዝም ብለው የሚጽፉትን ወረቀትና የሴት ተማሪዎቹን ጥያቄ ለመጀመር ወስኛለሁ፤ የቡድኑንም ልምምድ ከክፍለ ጊዜ እንለያለን። የቀረኝ የጊዜው ጉዳይ ነው፤ ይህን ሁሉ በመስከረም ለመጀመር ዘግይቻለሁ?

መልስ፦ ምክትል ርዕሰ መምህር፣ ደብረ ብርሃን

የክፍለ ጊዜ ድልድሉ ከወጣ በኋላ አምስታችሁን በአንድ ነፃ ሰዓት ማገናኘት አስቸጋሪ ስለሚሆን፣ መምህራን ለዝግጅት በሚጠሩበት ሳምንት ምክትል ርዕሰ መምህሩን አግኝተው በሳምንት አንድ የጋራ ነፃ ክፍለ ጊዜ ያስይዙ። የወረቀቱን ውይይት በዚያው ሳምንት ያካሂዱ፤ የተማሪዎቹን ጥያቄ ግን ምዝገባው ካለቀና ክፍሎች ከተሟሉ በኋላ፣ ከመስቀል በዓል ማግሥት ቢያደርጉት ይሻላል። በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት የምዘና ሠንጠረዡን በ9ኛ ክፍል ብቻ ሞክሩት፤ የሁለት መምህራን ውጤት ጎን ለጎን ሲታይ ልዩነቱ ጠቦ ከተገኘ በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ወደ ሌሎቹ ክፍሎች ይለፍ።