ጥቆማ፦ ስም የተቀረጸበት የስጦታ ሳጥን፤ ቤት ባለ ሲኤንሲ፣ በሌዘር ቤት ወይስ በአናጺ?

ጠያቂ፣ ከልደታ፦

ለሰኔ መጨረሻ ምርቃት 40 የስጦታ ሳጥን ታዟል። የውጭ ልኩ 22 በ16፣ ቁመቱ 9 ሳንቲሜትር፤ ግማሽ ኪሎ ቡናና ሁለት ስኒ ይይዛል። ክዳኑ ላይ የተመራቂው ስምና ዓመተ ምሕረቱ ይቀረጻል። ያለኝ ማሽን 3018 የሚባል ትንሽ ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚመራ መቅረጫ) ነው፣ የኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ የተቀመጠ። ሙሉ ሳጥኑን ቤት ልቁረጠው ወይስ ላስቆርጠው? እንጨቱንም፣ ማጠፊያውንም፣ ቅቡንም ጠቁሙኝ። ከመርካቶ፣ ከፒያሳና ከሜክሲኮ ባልርቅ እመርጣለሁ።

መላሽ፣ ሲኤንሲ የሚሠራ፦

እህቴ፣ ሙሉውን ቤት አትቁረጪው። ሒሳቡን እዪው፤ 9 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው እንጨት በ3018 ሲቆረጥ በአንድ ዙር ከ0.8 ሚሊሜትር በላይ መውረድ ማሽኑን ማስጨነቅ ነው፣ ስለዚህ 12 ዙር ይፈጃል። የአራቱ ጎን ዙሪያ ከጥርስ መጋጠሚያው ጋር ወደ 3 ሜትር ይመጣል፤ በ12 ሲባዛ 36 ሜትር። በደቂቃ 500 ሚሊሜትር ብትሄጂ ለአንድ ሳጥን 72 ደቂቃ፣ ለ40ው 48 ሰዓት። ማሰሩና መፍታቱ ገና አልተቆጠረም። የጠረጴዛ መጋዝ ያለው አናጺ ግን አንዴ ልኩን ካስተካከለ ቀጥ ያለውን ጎን በሰከንዶች ያወጣዋል። ማሽንሽ ዋጋ የሚያወጣው ስሙ ላይ ነው። ሳጥኑን ለአናጺ ስጪ፣ ክዳኑን ለራስሽ አስቀሪ።

የ3018 የሥራ ሜዳ 30 በ18 ሳንቲሜትር ነው። 16 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ክዳን ሲገባ በየጎኑ 1 ሳንቲሜትር ብቻ ይተርፋል፤ መቆንጠጫ ብታስሪበት ስፒንድሉ (መቁረጫውን የሚያሽከረክረው ሞተር) ይመታዋል። ይልቅ በክዳኑ ጀርባና በማሽኑ አልጋ ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፊ፣ በሁለቱ ፕላስተሮች መካከል ሱፐር ግሉ ጠብ ጠብ አድርጊና አንድ ደቂቃ ተጫኚው። ሥራው ሲያልቅ ፕላስተሩ ይላጣል፣ እንጨቱ ምንም አይሆንም። ከተገጣጠመ በኋላ እቀርጸዋለሁ እንዳትዪ፤ 9 ሳንቲሜትር ቁመት ስፒንድሉን በተሸከመው ድልድይ ሥር አያልፍም።

ለፊደሉ 60 ዲግሪ ቪ ቢት (ጫፉ የሾለ መቁረጫ) ያዢ፣ እግሩ 3.175 ሚሊሜትር የሆነውን። በ60 ዲግሪ ቢት የመስመሩ ስፋት የጥልቀቱ 1.15 እጥፍ ነው፤ 3 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የፊደል እግር 2.6 ሚሊሜትር ይጠልቃል። በ90 ዲግሪ ቢት ያው እግር 1.5 ብቻ ይወርዳል፣ ጥላውም ይደበዝዛል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን በቢቱ ሳይሆን በክዳኑ ጠፍጣፋነት ነው። ክዳኑ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ግማሽ ሚሊሜትር ከወረደ የመስመሩ ስፋት 0.6 ሚሊሜትር ያህል ይለያያል፤ ስሙ ወፍሮ ጀምሮ ቀጥኖ ያልቃል። መጀመሪያ አልጋውን ራሱን በማሽኑ ላጪው። ማሽኑን በሚመራው ካንድል በተባለው ፕሮግራም የምትሠሪ ከሆነ የከፍታ ካርታ የሚወስድ ክፍል አለው፣ ተጠቀሚበት።

እንጨቱ ከጠቆረ ቢቱ እየላገ ሳይሆን እየፈገፈገ ነው። ብዙ ጀማሪ ሲጠቁርበት ፍጥነት ይቀንሳል፤ ያባብሰዋል። ጉዞውን ጨምሪ ወይም የስፒንድሉን ዙር ቀንሺ። በደቂቃ 10,000 ዙርና ባለ አንድ ስለት ቢት ከያዝሽ፣ በየዙሩ 0.05 ሚሊሜትር እንዲልግ 500 ሚሊሜትር በደቂቃ ትሄጃለሽ። ከዚያ በታች መጎተት ዱቄት እንጂ ፍቅፋቂ አያወጣም።

መላሽ፣ ሌዘርና ማህተም ሠሪ፦

ለትልቁ ስም እስማማለሁ። ከስሙ በታች ‘እንኳን ደስ አለህ’ እና የትምህርት ክፍሉ የሚጻፍ ከሆነ ግን ያንን ለሌዘር ተዪው። ቁመቱ ከ12 ሚሊሜትር ያነሰ የግዕዝ ፊደል በቪ ቢት ሲሠራ በ‘ቄ’ና በ‘ሜ’ ቀለበት ውስጥ የቀረችው እንጨት ትነቀላለች። ሌዘር 4 ሚሊሜትር ፊደልም እንዲነበብ አድርጎ ይቀርጻል።

ሌዘር ቤት ስትሄጂ የምትጠይቂው ሦስት ነገር ነው። ሒሳቡ በደቂቃ ነው ወይስ በቁጥር? በደቂቃ ከሆነ የተሞላ ፊደል ከዙሪያ መስመር ብዙ እጥፍ ይፈጃል። አየር የሚነፋ ቧንቧ አለው? ከሌለው ጥላሸቱ ፊደሉ ዙሪያ ይጋገራል፤ ከመቃጠሉ በፊት ክዳኑን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑልኝ በያቸው። ሦስተኛው፣ 40ውን የሚያስቀምጡበት ጥግ ማቆሚያ ያዘጋጃሉ? በዓይን ግምት የሚያስቀምጥ ቤት ስሙን አንዱ ላይ ወደ ግራ ሌላው ላይ ወደ ቀኝ ያደርገዋል።

ፊደሉን በተመለከተ፦ ብዙ የመቅረጫ ሶፍትዌር ግዕዝ ሲሰጠው ባዶ አራት ማዕዘን ይደረድራል። በኢንክስኬፕ (የሥዕል ፕሮግራም) ጻፊው፣ ወደ ፓዝ (የመስመር ቅርጽ) ቀይሪው፣ በዲኤክስኤፍ ፋይል አውጥተሽ ለኤፍ ኢንግሬቭ (የቪ ቢት መቅረጫ ፕሮግራም) ስጪው። ሁለቱም ነጻ ናቸው። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ የሚባለው የፊደል ዓይነት ወፍራም መልክ ስላለው ለቪ ቢት ይስማማል፤ ኒያላ ግን ለዚህ ሥራ ቀጭን ነው። የቆዩት የፓወር ግዕዝ ፊደሎች ዩኒኮድ ስላልሆኑ ደንበኛ በስልክ የላከውን ስም ገልብጠሽ ስትለጥፊባቸው ትርጉም የሌለው ይሆናል።

ጠያቂ፦

መብራት መሀል ላይ ቢጠፋስ?

መላሽ፣ ሲኤንሲ የሚሠራ፦

ዋናው አደጋ መጥፋቱ ብቻ አይደለም። የማሽኑ መቆጣጠሪያ ቦርድ ከላፕቶፑ በዩኤስቢ ኃይል ስለሚያገኝ ሞተሮቹ ቆመውም እሱ እየሄደ እንዳለ ይቆጥራል። መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ ያለበትና ቦርዱ አለሁ የሚልበት ቦታ አይገናኙም፤ ቢቱ በጎን ገብቶ ይሰበራል፣ ክዳኑም ይበላሻል። መብራት እንደሄደ ወዲያው አቁሚው። አልጋው ጥግ ላይ 3 ሚሊሜትር ቀዳዳ ብሺና ዜሮሽን (መነሻ ነጥብሽን) ሁልጊዜ ከእሱ ያዢ፤ ሊሚት ስዊች (ማሽኑ ጫፍ መድረሱን የሚነግረው ማብሪያ) ባይኖረውም በዚያ ቀዳዳ ወደ ቦታሽ ትመለሻለሽ። ለ3018 አንድ 650 ቪኤ ዩፒኤስ ጥቂት ደቂቃ ይይዝልሻል፤ ቢቱን አንስቶ ለማቆም ይበቃል።

ወደፊት 6040 የሚባለውን ትልቅ ማሽን ባለ 2.2 ኪሎዋት ስፒንድል ካሰብሽ፣ ያ ብቻውን 10 አምፔር ይወስዳል። የእንጀራ ምጣድ በተሰካበት ሰዓት አታስነሺው።

መላሽ፣ የቆየ አናጺ፣ ከተክለ ሃይማኖት፦

ልጄ፣ ስለ ማሽኑ ተናገሩ፣ ስለ እንጨቱ ማንም ትንፍሽ አላለም። የምታስረክቢው ሰኔ ላይ ነው፣ ክረምቱ ሲገባ። ያልደረቀ እንጨት በዚያ ወቅት ምንም አይመስልም፤ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ደረቁ አየር ሲመጣ ክዳኑ ይጣመማል ወይም መሀሉ ላይ ይተረተራል፤ ወቀሳው ደግሞ ላንቺ ነው። ከገዛሽው ጣውላ መሀል (ጫፉ ቶሎ ስለሚደርቅ ያታልላል) 100 ግራም ያህል ቁራጭ አውጪ፣ በምድጃ 103 ዲግሪ ላይ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አድርቂና መዝኚ። 90 ግራም ከመጣ እርጥበቱ 11 በመቶ ነው፣ ግዢው። 83 ከመጣ 20 በመቶ ነው፣ ተዪው። የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል።

ዓይነቱን በተመለከተ የመጀመሪያ ምርጫዬ ዋንዛ ነው። ለስላሳ ሆኖ ጥርት ብሎ ይላጋል፣ ቡናማነቱም ያለ ቀለም ያምራል። ቀረሮ ሁለተኛ። ዝግባ ጭረቱ እኩል ስለሆነ ፊደል ይይዛል፣ ግን ገርጣ ያለ ስለሆነ ፊደሉን ማቅለም ይፈልጋል። ጽድ ሽታው ግሩም ነው፤ ለጥሎሽ ልብስ ሳጥን ይሁን፣ ለቡና ግን ፈጽሞ፤ ቡና ሽታ ይስባል። በዚያ ላይ ይሰነጠቃል፣ የፊደሉ ጠርዝ ይነቀላል። ወይራ ለዚያች ትንሽ ማሽን አይሆንም። ባሕር ዛፍ ርካሽ ነው ብለው ቢሰጡሽ ይጣመማልና አትውሰጂ። ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጽድና ኮሶ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ተከልክለው ነበርና (አዋጁ በኋላ በሌላ ተተክቷል) ደረሰኝ ከሚሰጥ እንጨት ቤት ግዢ። ከፈረሰ ቤት የወጣ እንጨት ድርቀቱ የታመነ ነው፤ ምስማሩን ግን በማግኔት ፈትሺ፣ አንድ የተቀበረ ምስማር አንድ ቢት ነው።

አናጺውን ስታዢ ክዳኑን በኮላ እንዳያጣብቀው ንገሪው። ክዳኑ በዙሪያው ባለ ፍሬም ቦይ ውስጥ ይግባ፣ በስፋቱ በኩል በየጎኑ 1 ሚሊሜትር ክፍተት ይተውለት። 16 ሳንቲሜትር ጣውላ ከክረምት ወደ በጋ አንድ ሁለት ሚሊሜትር ይሸማቀቃል፤ የታሰረ ከሆነ መሄጃ ያጣና ይሰነጠቃል። ሁሉንም ጎን ከአንድ ጣውላ ተከታትሎ ቢቆርጠው ደግሞ ጭረቱ ጥግ ላይ ሳይቋረጥ ዞሮ ይሄዳል።

ማጠፊያው የነሐስ 25 ሚሊሜትር፣ መርካቶ ሞልቷል። ብሎኑ ለስላሳ ስለሆነ ሳይበሳ ከገባ አንገቱ ይበጠሳል። በ1 ሚሊሜትር ፑንታ ብሺ፣ ብሎኑን ጧፍ ላይ ፈትጊው፣ መጀመሪያ በብረት ብሎን አስገብተሽ አውጪና ከዚያ ነሐሱን እሰሪ።

ጠያቂ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝና ሙጫ የተጨመቀ ሰሌዳ) ቢሆንስ? አይጣመምም ይላሉ።

መላሽ፣ የቆየ አናጺ፦

አይጣመምም፣ እውነት ነው። ቀለም የምትቀቢው ከሆነ ይሁን። ማጠፊያ ብሎን ግን በጠርዙ አይዝም፣ ይሰነጥቀዋል፤ ውሃ ከነካው ያብጣል። አቧራውም ሙጫ ያለበት ነውና በረንዳ ላይ ጎረቤት እያለ አይመችም፣ ያለ ጭንብልም አትሥሪው። ኮምፔርሳቶ ከሆነ ደግሞ ፊደሉ ውስጥ የኮላው ንጣፍ ጥቁር መስመር ሆኖ ይታያል።

መላሽ፣ ቅብ የምትሠራ፦

ፊደሉን ማቅለም ከፈለግሽ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ክዳኑን ቁጥር 120 ከዚያ 220 ብርጭቆ ወረቀት አሺው፣ አንድ እጅ ጎማላካ (በአልኮል የሚሟሟ የእንጨት ቅብ) ቀቢ፣ ላዩ ላይ የማስታወቂያ ስቲከር ለጥፊ፣ ስቲከሩን ጨምሮ ቅረጪው፣ ቀለሙን ነፊ፣ እስኪጠነክር ሳትጠብቂ ስቲከሩን ላጪ። ጎማላካው ካልተቀባ ቀለሙ በእንጨቱ ቀዳዳዎች ሸሽቶ የፊደሉ ዳር ጢም ያወጣል። ዋንዛ በተለይ ቀዳዳው ክፍት ነው።

ጎማላካውን 20 ግራም በ100 ሚሊ ሊትር አልኮል ዘፍዝፊውና ይደር፣ በነጠላ ጨርቅ አጥሪው። አልኮሉ ውሃ ያለበት ከሆነ ወይም ዝናብ እየዘነበ ከቀባሽ ነጭ ጉም ይመታዋል። ስለዚህ ጠዋት፣ ሰማዩ ሳይጠቁር። ውስጡን ላኬር አትቀቢ፤ ሽታው ለወራት አይለቅም፣ ቡናውም ያንኑ ይሸታል። ውስጡን ባዶ ተዪው ወይም አንድ ቀጭን እጅ ጎማላካ ይበቃዋል።

ለገበር ከፋይም ይሆናል፣ ከሽሮ ሜዳ የጥበብ ቁራጭ ደግሞ የበለጠ ያምራል። እንጨቱ ላይ በቀጥታ አትለጥፊው፣ ኮላው ሰርጎ ጨርቁን ያበላሸዋል። ከውስጥ ልኩ 1.5 ሚሊሜትር ያነሰ ካርቶን ቁረጪ፣ ጨርቁን በካርቶኑ ዙሪያ አጥፊና ጣል አድርጊው።

መላሽ፣ ሌዘርና ማህተም ሠሪ፦

ስሞቹን በስልክ እየሰማሽ አትጻፊ። ‘ፀሐይ’ን በ‘ጸ’ የሚጽፍ አለ፣ ‘ኃይለ’ን በ‘ሀ’፣ ‘ሠናይት’ን በ‘ሰ’፤ ራሱ ባለቤቱ በጽሑፍ ይላክልሽ፣ ዓመተ ምሕረቱም የኛ ይሁን የፈረንጅ አብሮ ይጻፍ። ከዚያ 40ውን በአንድ ገጽ አትመሽ ያዘዘሽ ሰው እንዲፈርምበት አድርጊ። ክዳኑን ደግሞ 40 ሳይሆን 44 አስቆርጪ፤ ከአራቱ አንዱን በመጀመሪያው ቀን ሆን ብለሽ መሞከሪያ አድርጊው፣ ከዚያው ጣውላ የወጣውን።