ማኮቹ በ«ሎካል» የሚያልቅ ዶሜይን ላይ ይዘገያሉ

የትምህርት ቤቱ ኔትወርክ የሚሠራው በዊንዶውስ ሰርቨር 2019 አክቲቭ ዳይሬክተሪ (አካውንቶችንና ኮምፒውተሮችን በአንድ ቦታ የሚያስተዳድር አገልግሎት) ነው፤ የዶሜይኑ (በእሱ ሥር ያሉት ኮምፒውተሮችና አካውንቶች ስብስብ) ስም በ«ሎካል» (.local) ያልቃል። አሁን 12 የኡቡንቱ 22.04 (ሊኑክስ) ኮምፒውተሮች እና 6 ማኮች ተጨምረዋል። ኡቡንቱዎቹ መጀመሪያ ዶሜይኑን አላገኙትም፤ እንዲህ ያለውን ስም ዲኤንኤስ ሰርቨሩን (ስምን ወደ ኔትወርክ አድራሻ የሚፈታውን) ሳይጠይቁ በኤምዲኤንኤስ (ኮምፒውተሮች ያለ ሰርቨር እርስ በርስ ስም የሚጠያየቁበት ዘዴ) ብቻ ይፈልጉ ነበር። ስም በምን ቅደም ተከተል እንደሚፈለግ በሚወስነው በኤንኤስስዊች ፋይል ውስጥ ዲኤንኤስን ሳስቀድም ተፈታ፤ ተማሪዎች በኤስኤስኤስዲ (ሊኑክስን ከዶሜይኑ አካውንቶች ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) በኩል በየራሳቸው አካውንት ይገባሉ።

ማኮቹ ግን ዶሜይኑን ከተቀላቀሉ በኋላም ተማሪ ሲገባ ለረጅም ጊዜ ይቆማሉ፤ አንዳንዴ ጭራሽ አያስገቡም። ዲኤንኤሳቸው ወደ ሰርቨሩ ብቻ ነው የሚያመለክተው። ሰዓታቸውም ከሰርቨሩ ጋር እኩል ነው (የዶሜይኑ የመግቢያ ማረጋገጫ ዘዴ የሆነው ከርቤሮስ በተለመደው ቅንብሩ ከ5 ደቂቃ በላይ ልዩነት አይቀበልም)። በኬብልም በዋይፋይም ያው ነው። የዶሜይኑን ስም መቀየር ሁሉንም የዊንዶውስ ማሽኖች ስለሚነካ በትምህርት ወቅት አይሞከርም። ስሙ ሳይቀየር ማኮቹ «ሎካል»ን በቀጥታ ከዲኤንኤስ ሰርቨሩ እንዲጠይቁ የሚያደርግ አስተማማኝ መንገድ አለ?