አንድ ቦታ፣ ሁለት ልጆች፦ ማንን እንያዝ?

የሐይቅ ዳሩ፦ ለሐምሌው ከ17 ዓመት በታች የሰፈር ውድድር የምናስመዘግበው 18 ልጅ ነው፤ 17ቱ ታውቀዋል። የቀረችው አንድ ቦታ ናት። አንዱ ዕጩ የ15 ዓመቱ የቀኝ ክንፍ ነው፤ ኤሲኤል የሚባለው የቀኝ ጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ ጥር ላይ ኦፕራሲዮን ሆኗል። ሌላው በቅርቡ ሐዋሳ የገባው አጥቂ ነው፤ ወረቀቱ 16 ይላል፣ ብዙ ሰው ግን አያምንም። ቡድኑ የሚቆመው በሁላችን መዋጮ ነውና ሁላችሁም ተናገሩ።

የመናኸሪያው፦ አጥቂው! ምኑ ያከራክራል? ቅዳሜ በሙከራው ሁለት በጭንቅላት አገባ። ዓምና የወደቅነው የሚያገባልን አጥተን ነው። የልደት ሰርተፍኬት ይዞ የመጣን ልጅ "ፂምህ በዛ" ብሎ መመለስ ነውር ነው።

የታቦሯ፦ ወንድሜ፣ የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። እነዚህ ልጆች ከዚያ በፊት የተወለዱ ናቸው፤ ወረቀታቸው የተሞላው ኋላ ላይ፣ በቃል ነው። ፊፋ እንኳ በወረቀት ብቻ አላምን ብሎ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች ዓለም ዋንጫ ላይ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ያያል።

የመናኸሪያው፦ ኤምአርአዩም አጥንቱ እድገት መጨረስ አለመጨረሱን እንጂ የተወለደበትን ቀን አይናገርም። ደግሞ የሁሉም ወረቀት እንዲያ ከሆነ ለምን እሱ ብቻ ይጠረጠራል? እንግዳ ስለሆነ?

የሐይቅ ዳሩ፦ ይሄ እኔንም እንቅልፍ ነስቶኛል። ልጁን አጭበርባሪ ማለት አልፈልግም። ግን ክስ ቀርቦ ውጤታችን ቢሰረዝ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ጤዛ እየረገጡ የከረሙት 17 ልጆች አብረው ይቀጣሉ። የክንፉ ልጅ አደጋ ግን በእጃችን ነው፤ ካላቻኮልነው ይቀንሳል። እኔ እሱን እላለሁ።

ነርሷ፦ ጋሼ፣ "በእጃችን" ሲሉ ደነገጥኩ። ጉልበቱ የእኛ አይደለም። ከኤሲኤል በኋላ ወደ ስፖርት ከተመለሱ ከ25 ዓመት በታች ልጆች ከአራቱ አንድ የሚጠጋው እንደገና ይበጠስበታል፣ ወይ ያው ጉልበት ወይ ሌላኛው። ከ9 ወር በፊት የተመለሰ ደግሞ ይብስበታል። ሐምሌ ላይ ገና 6 ወሩ ነው። ትናንት ሜዳው ዳር በአንድ እግር አዘለልኩት። በግራው ቀጥ ብሎ አረፈ። በቀኙ ሲያርፍ ግን ጉልበቱ ወደ ውስጥ ታጠፈ። ሳልጠይቀው "አላመመኝም" አለኝ።

የመናኸሪያው፦ ታዲያ ለማይጫወት ልጅ ቦታ እንስጥ?

የታቦሯ፦ አዎ፣ እንስጥ! በሚቀጥለው ክረምትም ዕድሜው ይፈቅድለታል። አዳነ ግርማ፣ የዚችው ከተማ ልጅ፣ በ2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ላይ በ10 ሰው ዛምቢያ ላይ ያገባት ጎል እኮ አገር ከአፍሪካ ዋንጫ 31 ዓመት ርቃ የጠበቀቻት ናት። እኛ አንድ ክረምት ያቅተናል?

የሐይቅ ዳሩ፦ እህቴ ነርሷ ልክ ነሽ፣ ቃሌን አርሜአለሁ። ልጁ ይመዝገብ፣ ሐምሌ ላይ ግን አይሰለፍም። ቀኙ የግራውን 90 በመቶ እስኪዘል ልምምዱን አንቺ ያዢለት፤ ወጪው ከመዋጮው ይውጣ። አጥቂው ዕድሜ ከማይጠየቅበት ከትልልቆቹ ጋር ይለማመድ፤ ታኬታና ትራንስፖርቱን እኔ እችላለሁ።

የመናኸሪያው፦ አልተስማማሁም። ግን አጥቂውን ካልጣላችሁት መዋጮዬን አላቋርጥም።

ነርሷ፦ እሺ፣ እይዘዋለሁ። የክንፉን ልጅ ታኬታ ግን ዛሬውኑ አምጡልኝ፣ እኔ ጋ ይቀመጥ። አለዚያ ነገ ጠዋት ሜዳ ገብቶ ታገኙታላችሁ።