ለ7 ዓመት ልጅ የሚሆን የዊንድሰርፊንግ ሸራ ስንት ካሬ ሜትር ነው?

የአሽዶድ እናት
ሰላም ለሁላችሁ። እስራኤላዊው ቶም ሩቬኒ በ2024 ኦሎምፒክ በዊንድሰርፊንግ (ሸራ በተገጠመለት ቦርድ ውኃ ላይ መንሸራተት) ወርቅ ካገኘ ወዲህ ልጆቼ እንማር ይላሉ። ሴቷ 7 ዓመቷ ነው፣ 23 ኪሎ፤ ወንዱ 10፣ 32 ኪሎ። ሁለቱም ይዋኛሉ። ይዘቱ 160 ሊትር የሆነ ቦርድና 4.7 ካሬ ሜትር ሸራ በነጻ የሚሰጠን ሰው አለ። ይሆናቸዋል? ወይስ የልጅ ዕቃ ልግዛ? ደግሞስ የት ቢማሩ ይሻላል፣ እዚሁ አሽዶድ ባሕር ወይስ ኪነሬት ሐይቅ?

ሸራና ምሰሶ
እህቴ፣ ቦርዱን ተቀበይ፣ ሸራውን ተዪው። ቦርዱ ሰፊ ከሆነና መሐሉ ላይ ወደ ውኃ የሚወርደው ክንፍ የሚሠራ ከሆነ ለሁለቱም ይበቃል፤ መሸከሙ ብቻ የአዋቂ ሥራ ነው።

ልጅን የሚያደክመው ሸራውን ከውኃ ማንሳት ነው። የተኛ ሸራ ላይ ውኃ ስለሚጋደም ልጅቷ የምትጎትተው ያንን ውኃ ጭምር ነው። 4.7ቱን ጥቂት ጊዜ ከጎተተች በኋላ ወገቧ ይዝላል፣ ከዚያ በቃኝ ትላለች። ለእሷ ከ1 እስከ 1.5 ካሬ ሜትር፣ ለወንድሟ ከ2 እስከ 2.5 ያዢ። ያድጋሉ ብለሽ ከፍ ያለ እንዳትገዢ።

ቡሙን፣ ማለትም በእጅ የሚያዘውን ዘንግ፣ አስጨብጫት፦ ጣቶቿ ዞረው አውራ ጣቷ ጋ ካልደረሱ ወፍራም ነው፣ ክንዷ ቶሎ ይደነዝዛል። ከፍታው በደረቷና በትከሻዋ መካከል ይሁን። ከዚያ በላይ ከሆነ ትንጠለጠልበታለች፣ ነፋሱም ወደ ፊት ይደፋታል። አሸዋው ላይ የተገጠመውን ሸራ በአንድ እጇ ምሰሶውን ይዛ ማቆም ከቻለች ልኳ ነው።

ደረጃ በደረጃ
ነፋሱ ከ5 እስከ 8 ኖት (በሰዓት ከ9 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ)፣ ውኃው እስከ ልጁ ወገብ ሲሆን ጀምሩ። መጀመሪያ ያለ ሸራ፦ ተኝቶ በእጅ መቅዘፍ፣ መቆም፣ መዞር፣ ወድቆ መልሶ መውጣት። ቦርዱ ጀርባ ላይ 8 ሜትር ያህል ገመድ እሰሪና ጫፉን አንቺ ያዢ። እጅሽ ላይ አትጠምጥሚው፤ ልጅ ላይማ በፍጹም አይታሰርም።

ሸራ ሲያነሱ ነፋሱ ከጀርባ፣ እግሮች ከምሰሶው ግራና ቀኝ፣ ጉልበት ሸብረክ፣ ጀርባ ቀጥ። በክንድ ሳይሆን ወደ ኋላ በመደገፍ ይሳባል። ሸራው ትንሽ ብቅ ሲል ውኃው እስኪፈስ መጠበቅ ነው፤ ልጆች እዚህ ላይ ይቸኩላሉ፣ ከዚያም ይወድቃሉ። ከዚያ ምሰሶውን ይዘው ሸራው እንደ ባንዲራ ሲውለበለብ ይረጋጉ። ቀጥሎ የፊት እጅ ቡሙን ይይዛል፣ የኋላው ቀስ ብሎ ሸራውን ይስባል። ምሰሶውን ወደ ቦርዱ አፍንጫ ሲያዘነብሉት ቦርዱ ከነፋሱ ይርቃል፣ ወደ ኋላ ሲያዘነብሉት ወደ ነፋሱ ይዞራል።

ከሁሉ በፊት ግን «ከበረታብህ የኋላ እጅህን ልቀቅ» የሚለው ይታወቅ። የምሰሶው መገጣጠሚያ ጣት ስለሚቆነጥጥ እጃቸውን እዚያ አያስገቡ።

ነፋስ ተመልካች
ስለ ቦታው ልጨምር። አሽዶድ በበጋ ከቀትር በኋላ የባሕሩ ነፋስ ማዕበል ያመጣል፤ ዳርቻው ላይ የሚሰበረው ውኃ ትንንሾቹን ይጥላል። ኪነሬት በበጋ ጠዋት ጸጥ ያለ ነው፣ ከሰዓት ግን የምዕራብ ነፋስ ከኮረብታው ድንገት ይወርዳል። በጥብርያዶስ በኩል ከሆናችሁ ወደ ሐይቁ መሐል ይገፋችኋል፤ ስለዚህ ቀትር ሳይደርስ ውጡ። ኢላትም የሰሜኑ ነፋስ ከዳርቻው ወደ ባሕር ነው የሚነፍሰው። ከየብስ የሚነፍስ ነፋስ ባለበት ልጅ ለብቻው አይለቀቅም።

የመንሳፈፊያ ሰደርያው የማንሳፈፍ አቅሙ 50 ኒውተን፣ በእግር መሐል የሚታሰር ማሰሪያ ያለው ይሁን፤ ያለዚያ ውኃ ውስጥ ወደ አገጭ ይሾልካል። አንድ ዙር ከ40 ደቂቃ አይለፍ። ቢርቁ ዋኝተው ለመመለስ አይሞክሩ፤ ቦርዱ ላይ ተቀምጠው ሁለት እጃቸውን ያውለብልቡ።

የአሽዶድ እናት
እግዜር ይስጥልኝ። አንድ 1.5 ገዝቼ ሁለቱ ቢጋሩትስ?

ሸራና ምሰሶ
ይሆናል። ለእሱ ቢያንሰውም የመጀመሪያዎቹን ቀናት በቀላሉ ያነሳዋል። ያለ ልፋት ማንሳትና መዞር ሲችል 2.5 ግዢለት።